ዘበኛው እና ዐይነ ስውሯ እናት

አንድ ቢተው የሚባል ዘበኛ በአንዲት ትንሽ የገበያ ከተማ ይኖር ነበር። የሚጠብቀው የእህል መጋዘን ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በሩ ላይ ሲቆም ከዚያ መጋዘን አንድ ጆንያ እንኳ ጠፍቶ አያውቅም። የሚወጣውን ወዛደር ከአረማመዱ ያውቀዋል፤ በካፖርቱ ሥር እፍኝ ስንዴ የደበቀውን ከእጁ አያያዝ ይለየዋል። ነጋዴዎቹ «የቢተው ዐይን እያለ ቁልፍ ምን ያደርግልናል!» ይሉ ነበር። እሱም ይህን ሲሰማ እንዳልሰማ ፊቱን ያዞራል እንጂ ውስጡ ደስ ይለዋል።

ቢተውና ባለቤቱ አዝመራ ልጅ ያገኙት በተጋቡ በዘጠነኛው ዓመት ነው። ሴት ልጅ ናት፤ ስንቅነሽ አሏት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ጥያቄና የሰው ሐዘኔታ ጠግበው ነበርና ልጅቷ ስትመጣ ቤታቸው ሌላ ቤት ሆነ። ቢተው ከሥራ ሲወጣ የትም ጎራ ማለት ተወ። ገና ከደጅ «ስንቄ!» ብሎ ይጣራል፤ እሷም ድምፁን ስትሰማ እጆቿን ታርገበግባለች።

ስንቅነሽ በስምንት ወሯ መዳህ ጀመረች። ያኔ አዝመራ ቤቷን እንደ አዲስ አየችውና ፈራች። ቤታቸው አንድ ክፍልና ጓዳ ነው። የውኃ በርሜሉ ክዳን የለውም። የከሰል ምድጃው መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው። ደጃፉ ደግሞ በሁለት ደረጃ ወደ ድንጋይ ንጣፍ ይወርዳል።

«ቢተው፣» አለችው አንድ ቀን፣ «ጓሮ የተከመረውን ጣውላ ለምን ሥራ ላይ አታውለውም? በሩ ላይ ትንሽ መከለያ፣ ለበርሜሉ ክዳን፣ ለምድጃው ከፍ ያለ ቦታ ብትሠራልኝ። እኔ ወጥ ሳማስል ይህች ልጅ እግሬ ሥር ናት።»

«ዐይናችን የት ሄዶ?» አላት። «ያን ሁሉ ኩንታል የምጠብቅ ሰውዬ አንዲት ጨቅላ መጠበቅ ያቅተኛል? ልጅ የሚጎዳው የሚያየው ሲያጣ ነው።»

«እህሉ እኮ አይድህም» አለች አዝመራ።

ቢተው ሳቀ። ጣውላው ግን ጓሮ እንደተከመረ ቀረ። በዚያው ሰሞን የጎረቤታቸው የጥሩዬ ልጅ ትኩስ ሻይ ተደፍቶበት ክንዱ ተቃጠለ። መንደርተኛው ሁሉ «እግዚአብሔር ይማርልሽ» ሲላት ቢተው ግን «እናትየዋ ምን እያየች ነበር?» አለ። ይህን ያለው ጥሩዬ እየሰማችው ነው።

አንድ ሐሙስ ቢተው ዕረፍት ነበር። አዝመራ ጤፍ ልታስፈጭ ወፍጮ ቤት ስትሄድ ልጅቷን ለእሱ ተወችለት።

«አደራ» አለችው።

«ሂጂ በሰላም፤ ዐይኔን ከላይዋ አልነቅልም።»

እውነትም አልነቀለም። በርጩማ ላይ ተቀምጦ እያንዳንዷን እንቅስቃሴዋን ተከታተለ። ወደ ምድጃው ስትዞር መለሳት፤ ወደ በርሜሉ ስትሄድ መለሳት። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ቆየ። ከዚያ በአጥሩ በኩል አንድ ሰው ስሙን ጠራው። ብዙ ዘመን ያልተያዩት የልጅነት ጓደኛው ነበር። ቢተው ብድግ ብሎ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«እንዴት ከረምክ? ሰው ሁሉ ደህና?» አለው።

«ምን ደህንነት አለ፤ እናቴን ቀበርኳት» አለ ሰውዬው።

ቢተው ሴትዮዋን ያውቃቸዋል፤ በልጅነቱ ከእጃቸው በልቷል። አንገቱን ደፍቶ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለ። ስለ ሕመማቸው፣ ስለ ቀብራቸው ሁለት ሦስት ቃል ተለዋወጡ። ከዚህ ያለፈ አላወሩም።

ዞር ሲል ስንቅነሽ ከነበረችበት የለችም። ከአልጋው ሥር ሳል ሰማ። ጎንበስ ሲል ልጁን የለስላሳ ጠርሙስ በሁለት እጇ ይዛ አያት። ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ከሰል ለማቀጣጠል የተቀመጠ ላምባ ነው። የተወተፈበት ጨርቅ ወለሉ ላይ ወድቋል። የልጅቷ አገጭ ረጥቧል፤ ከአፏ የሚወጣው ትንፋሽ ላምባ ላምባ ይሸታል።

የቢተውን ጩኸት የሰማች አንዲት ጎረቤት ወተት ይዛ መጣች። «አጠጣትና አስመልሳት!» አለችው። ቢተው ግን አልሰማትም፤ ልጁን ታቅፎ ወደ ጤና ጣቢያው በረረ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ፀጉሯ የሸበተ፣ እጇ ፈጣን ሴት ናት። ልጅቷን ተቀብላ እያስተኛች «ምን ያህል ጠጣች? አስመልሳችኋታል? ወተት ሰጥታችኋታል?» ብላ በላይ በላዩ ጠየቀችው።

«ምንም አልሰጠኋትም ሲስተር፤ ይዣት ነው የሮጥኩት።»

«ጥሩ አደረጉ። ላምባ የጠጣ ልጅ በግድ ካስመለሱት ወደ ሳንባው ይገባበታል።»

ከዚያ በኋላ ቢተው የሚሠራው ነገር አልነበረውም። ስንቅነሽ ኦክስጅን ተደረገላት። ደረቷ በፍጥነት ከፍ ዝቅ ይላል። አዝመራ የወፍጮ ቤት ዱቄት በነጠላዋ ላይ እንዳለ እየሮጠች ገባች። ትጮህብኛለች ብሎ ጠበቀ፤ አልጮኸችም። የልጅቷን እግር በመዳፏ ያዘች።

«ፊቴን ያዞርኩት ለአፍታ ነው» አላት።

አዝመራ አልመለሰችለትም። በዚያ ዝምታ ውስጥ ግን ቢተው የራሱን ድምፅ ሰማ፤ «እናትየዋ ምን እያየች ነበር?» የሚለውን። የሚገባበት ጠፋው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የስንቅነሽ ትንፋሽ ረጋ። ዐይኗን ገልጣ ጡት ፈለገች። ነርሷ ደረቷን ደጋግማ አዳምጣ «ተርፋለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ስትል አዝመራ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

ቢተው ነርሷን ኮሪደሩ ላይ ተከትሎ አገኛት። «ሲስተር፣ እውነቴን ነው የምልሽ፤ ፊቴን ያዞርኩት ለአፍታ ብቻ ነው።»

«ጋሼ ቢተው፣ እዚህ ልጁን ታቅፎ የሚመጣ ወላጅ ሁሉ የሚለኝ ይህንኑ ነው። ሁሉም ደግሞ እውነቱን ነው።»

«ታዲያ ሰው ምን ያድርግ?»

«ቆሎ የሚሸጡትን እማማ ትዋበችን ያውቋቸዋል? አራት ልጆች አሳድገዋል። ሃያ አምስት ዓመት እዚህ ስሠራ አንድም ቀን የተቃጠለ ወይም የተመረዘ ልጅ ይዘውብኝ አልመጡም።»

ቢተው የሰማውን ማመን አቃተው። «እማማ ትዋበች እኮ አያዩም!»

«ይሂዱና ይጠይቋቸው የምልዎት ለዚህ ነው» አለችው።

ቢተው ግን አልሄደም። ዘበኛ ሆኖ ስለ ጥበቃ ዐይነ ስውር ሴት መጠየቅ ከበደው። ቤቱ ሲገባ የራሱን መላ መታ። ከነጠላ ረጅም ቁራጭ ቀደደና አንዱን ጫፍ በልጅቷ ወገብ፣ ሌላውን በአልጋው እግር ላይ አሰረው።

«እንደ ጥጃ?» አለች አዝመራ።

«ታልቅስ። ብታለቅስም በሕይወት ትኖርልኛለች።»

በመጀመሪያው ቀን ስንቅነሽ አለቀሰች። በሁለተኛው ቀን ጨርቁን ስትጎትት ዋለችና ወገቧ ቀላ። በሦስተኛው ቀን ማልቀሱንም መጎተቱንም ተወች። ቢተው ከሥራ ሲመለስ እንደ ልማዱ ከደጅ ተጣራ፤ እጇን አላርገበገበችም። የጨርቅ ኳስ ወደ እሷ አንከባለለላት፤ ኳሱ እጇ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ላይ ቆመ። ልጅቷ አየችውና ዝም ብላ ተቀመጠች። ቢተው ከሳሏ ይልቅ ይህን ዝምታዋን ፈራው። ቀና ብሎ የአዝመራን ፊት ማየት ስላልቻለ ተነሥቶ ወጣ። የሄደው ወደ እማማ ትዋበች ቤት ነው።

እማማ ትዋበችን ገብስ ሲቆሉ አገኛቸው። እሳታቸው ከወገብ በላይ በጭቃ በተሠራ መደብ ላይ ይነድዳል። ዙሪያውን ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ዕቃ አይታይም። የልጅ ልጃቸው፣ ገና በእግሩ መሄድ የለመደ ሕፃን፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ከወዲያ ወዲህ ይላል። አሮጊቷ ድምፁን እየሰሙ ቆሏቸውን ያምሳሉ።

ቢተው የደረሰበትን ሁሉ ነገራቸው። ከዚያም «እማማ፣ ሳያዩ እንዴት ጠበቋቸው?» አላቸው።

«የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ» አሉ እማማ ትዋበች፣ «ዘመዶቼ ተሰብስበው መጡ። ‹አንቺ አታይም፤ ልጁን እኛ እናሳድግልሽ› አሉኝ። ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ ፈርተው ነው። እኔም ‹መዳህ እስኪጀምር ተዉልኝ› አልኳቸው። ከዚያ ልጄ ከመዳሁ በፊት እኔ ዳህኩ። ቤቴን ከጥግ እስከ ጥግ በእጄ ዳሰስኩት። የወጋኝን ነቀልኩት፤ ያቃጠለኝን ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩት፤ እጄ የገባበትን ጉድጓድ ደፈንኩት። ዘመዶቼ ሊወስዱት ሲመጡ ልጁ ቤቱ መሃል ሲጫወት አገኙት። ቁጭ ብለው ሲያዩት ዋሉና ሊመሽ ሲል ትተውልኝ ሄዱ።»

ቢተው ወደ እሳቸው ጠጋ አለ።

«እኔ የማምነው ዐይን ስላልነበረኝ ቤቴን አስተካከልኩ» አሉት። «አንተ ዐይንህን አምነህ ቤትህን ተውከው። በል እጄን ያዝና ውሰደኝ።»

እማማ ትዋበች የቢተው ቤት ገብተው መጀመሪያ የዳሰሱት ልጅቷን ነው። እጃቸው ከጭንቅላቷ ወደ ትከሻዋ፣ ከትከሻዋ ወደ ወገቧ ወረደ። ጨርቁ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጨርቁን ተከትለው እስከ አልጋው እግር ሄዱ።

«ይህ ምንድን ነው?»

ቢተው አፍሮ «እንዳትጎዳ ብዬ ነው» አለ።

«ልጄ፣» አሉት፣ «አንተ ልጅቷን አስረህ አደጋውን ፈተኸዋል። አደጋውን እሰረው፤ ልጅቷን ፍታት።»

አዝመራ ሁለተኛ እስኪነገር አልጠበቀችም። ቋጠሮውን ፈትታ ልጇን በጀርባዋ አዘለቻት። አሮጊቷ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ታጠቁና በጉልበታቸው ተንበረከኩ። «አንተም ውረድ» አሉ። የመጋዘኑ ዘበኛ ከነ ቁመቱ ከጎናቸው ተንበረከከ።

እየዳሁ ቤቱን ዞሩት። እማማ ትዋበች ከጠረጴዛው ላይ የተንጠለጠለ ጨርቅ ነኩ። «እዚህ ጨርቅ ላይ ምን ተቀምጧል?» አሉ።

«ፔርሙዝ።»

«ውስጡስ?»

«ትኩስ ሻይ» አለ ቢተው፤ ድምፁ ወረደ።

«ልጅህ ለመቆም ስትሞክር መጀመሪያ የምትይዘው ይህን ጨርቅ ነው።»

ግድግዳው ላይ በጉልበት ቁመት የወጣ ሚስማር አገኙ። ሚስማሩ ላይ የአዝመራ ቦርሳ ተሰቅሏል፤ ቦርሳው ውስጥ የራስ ምታት ኪኒን አለ። ከወንበር ሥር የካፖርት ቁልፍ፣ ያለቀ ትንሽ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይና ከወንፊት የወደቀ ሽምብራ ለቃቀሙ። «ይህ ሁሉ ጉሮሮ ይዘጋል» አሉ አሮጊቷ። ከጤፉ ጆንያ ጀርባ በወረቀት የተጠቀለለ የአይጥ መርዝ ወጣ። አዝመራ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ መርዙን ያስቀመጠችው እሷ ነበረች፤ ረስታዋለች።

ቢተው ከምድጃው ጀርባ እጁን ሲሰድ አንድ ጠርሙስ ነካ። አወጣው። የለስላሳ ጠርሙስ ነው፤ ውስጡ በረኪና ተሞልቷል። ልጁ ከሞት አፋፍ ከተመለሰች በኋላ፣ አስሮ ካስቀመጣት በኋላ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ይህ ጠርሙስ እዚያው ነበር። በየቀኑ በአጠገቡ አልፏል። ወለሉ ላይ ተቀመጠና ጠርሙሱን ይዞ አለቀሰ።

«ዐይንህ ደህና ነው» አሉት እማማ ትዋበች ትከሻውን እየዳሰሱ። «ግን ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። ልጅህ የምትኖርበትን ቤት እስከ ዛሬ አይተኸው አታውቅም።»

ቢተው ከመጋዘኑ ሁለት ቀን ፈቃድ ጠየቀ። በአሥራ ስምንት ዓመት ፈቃድ ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነበር። መዶሻና መጋዝ ይዞ ጓሮ ገባ። ለበርሜሉ ከባድ ክዳን ሠራ። ምድጃውን ጭቃ አቡክቶ በሠራው መደብ ላይ ሰቀለው። ደጃፉ ላይ አዋቂ የሚሻገረው፣ ሕፃን የማያልፈው መከለያ አቆመ። ላምባውን በራሱ ቆርቆሮ ገልብጦ፣ በረኪናውንም፣ መድኃኒቱንም፣ ሁሉንም ከራሱ ቁመት በላይ በሠራው ባለ መቀርቀሪያ ሳጥን ውስጥ አስገባ፤ መርዙን ግን ጓሮ አርቆ ቆፍሮ ቀበረው። አዝመራ ልጇን አዝላ ሚስማር እያቀበለችው «ዘበኛው ለካ ከእህል ጥበቃ ሌላም ሥራ ያውቃል» አለችው። ከሐሙስ ወዲህ ሲስቁ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ትርፍ ጣውላ ሲቀር ቢተው ተሸክሞት ወደ ጥሩዬ ቤት ሄደ። ጥሩዬ በሩ ላይ ስታየው ፊቷ ጠቆረ።

«ያን ቀን የተናገርኩትን ሰምተሻል» አላት።

«ሰምቻለሁ» አለች።

«ዛሬ አፍሬበታለሁ። ይቅር በይኝ። ከፈቀድሽልኝ ለዕቃሽ ከፍ ያለ መደርደሪያ ልሥራልሽ።»

ጥሩዬ ከበሩ ፈቀቅ አለችለት።

ሥራው ሁሉ ሲያልቅ እማማ ትዋበች ተመልሰው መጡ። እንደገና ተንበርክከው ቤቱን ዳሰሱት። መሃል ላይ ሲደርሱ አንድ ዝቅ ያለ ቅርጫት ነኩ። ውስጡ የእንጨት ማማሰያ፣ ትንሽ ቅልና ያ የጨርቅ ኳስ አለበት።

«ይህስ የማነው?»

«የእሷ ነው» አለ ቢተው። «ሁሉን ነገር ከፍ አድርጌ ሰቀልኩና ለእሷ ምን ቀረ ብዬ አሰብኩ።»

አሮጊቷ ፈገግ አሉ። «አሁን ገብቶሃል። ግን ዐይንህን ደግሞ አትጣለው። ቤቱ የሚጠብቅልህ ፊትህን ለምታዞርባት ለዚያች አፍታ ነው፤ የቀረውን አንተው ትጠብቃለህ።»

አዝመራ ስንቅነሽን ከጀርባዋ አውርዳ ወለሉ ላይ አስቀመጠቻት። ልጅቷ ዙሪያዋን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ መዳህ ጀመረች። አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ ሄደችና ቆመች። የቆመችው ጨርቁ ያበቃ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ወገቧ ላይ ምንም አልነበረም፤ እሷ ግን እዚያ ድረስ ብቻ እንደሚፈቀድላት ተምራለች። አዝመራ ከንፈሯን ነከሰች።

ቢተው ማዶ ላይ ተንበረከከ። ፊቱን ወደ ወለሉ ዝቅ አድርጎ «ስንቄ» ብሎ ጠራት። ልጅቷ አየችው። አንድ እጇን አነሣችና መለሰችው። እንደገና አነሣችው፤ ወደ ፊት አሳረፈችው። ሁለተኛው እጅ ተከተለ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማት! እየሳቀች፣ መዳፏን ወለሉ ላይ ጠፍ ጠፍ እያደረገች ቤቱን ከዳር እስከ ዳር ዞረችው። እማማ ትዋበች የመዳፏን ድምፅ በጆሯቸው እየተከተሉ «ይሄው፣ ይሄው» ይሉ ነበር። ቢተው አንድ ጊዜም ሮጦ አልመለሳትም። ሊመልሳት የሚያስገድደው ነገር አልነበረማ።

ወዳጆቼ፣ የምንወዳቸውን ሰዎች ለመጠበቅ ሁለት መንገድ ይቀናናል። አንዱ በራሳችን ንቃት መመካት ነው፤ ንቃታችን ግን የጓደኛ ሐዘን ስንሰማ፣ ወጥ ስናማስል፣ ሲደክመን ለአፍታ ይለየናል። ሌላው የምንወደውን ማሰር ነው፤ የታሰረው ይተርፍ ይሆናል፤ እጁን መዘርጋቱን ግን ይረሳል። እማማ ትዋበች ያወቁት ሦስተኛውን ነው። ትንሹ ወደሚኖርበት ከፍታ ዝቅ ብሎ፣ የሚጎዳውን አንሥቶ፣ እሱን ነፃ መልቀቅ። ይህ ከሁለቱ የበለጠ ድካም አለው፤ ጉልበትን ያንበረክካል፤ ኩራትንም ያስጥላል። እኔ ግን ከዚህ የሚበልጥ ፍቅር አላውቅም። ለሕፃናችን የሚሠራው ለተማሪያችን፣ ለታናሻችን፣ በእጃችን ላለ ደካማ ሁሉ ይሠራል።

እናንተስ? ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ጊዜ ብቻ ተንበርክካችሁ ብታዩት ምን ታገኙ ይሆን? ደግሞስ አደጋውን ማንሣት ከብዷችሁ ያሰራችሁት ማን አለ?